መርማሪው ይዞት የገባው ነገር፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝቦች ከተጓዦች ማስታወሻ እስከ ዲ.ኤን.ኤ. መዝገብ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከአሶሳ እስከ መተከል ባለው አገር የሚኖሩ ሕዝቦች በሁለት ዓይነት መዝገብ እንዴት እንደ ተጻፉ በአጭሩ መግለጽ ነው። አንደኛው መዝገብ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ተጓዦች የጻፉት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በቅርብ ዘመን የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ከሰው አካል ናሙና እየወሰዱ፣ በኮምፒዩተር ፕሮግራም እያነበቡና እያደራጁ ያኖሩት የዲ.ኤን.ኤ. ፊደል ነው።

የታሪክ ተማሪ ይህን ሁለተኛውን መዝገብ «የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኛ ግን እንደዚህ ማድረግ የሚገባ አይመስለንም። ዛሬ ስለ ሕዝቦች አመጣጥ የሚጻፈው ታሪክ በከፊል የሚወጣው ከዚሁ መዝገብ ነውና፤ መዝገቡም እንደ ማናቸውም ሰነድ ሊሳሳት፣ ሊጐድልና በስሕተት ሊነበብ ይችላል። ከዚህ በታች እንደምናሳየው ሁለቱም መዝገቦች የሚዳኙት በአንድ ሕግ ነው፤ ይኸውም መርማሪው ይዞት የገባውን ነገር ካገኘው ነገር ለይቶ መጻፍ አለበት የሚል ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

1. አገሩና የቀደሙት ጸሐፊዎች

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ አሶሳ ናት። በክልሉ ነባር ተብለው የሚታወቁት ሕዝቦች አምስት ሲሆኑ እነርሱም በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው። እነዚህ ሕዝቦች ጎረቤታሞች ይሁኑ እንጂ የቋንቋቸው ወገን አንድ አይደለም። የሺናሻና የማኦ ቋንቋዎች ከኦሞአዊ ወገን ይቈጠራሉ። የበርታ፣ የጉሙዝና የኮሞ ቋንቋዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከናይሎ ሳህራዊ ወገን ይመደባሉ፤ በዚህም ምደባ የቋንቋ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። አገሩ በአንድ ክልል ከመጠቃለሉ በፊት አሶሳ በወለጋ፣ መተከል ደግሞ በጎጃም ሥር ይተዳደሩ ነበር።

ስለ እነዚህ ሕዝቦች በአውሮፓ ቋንቋ ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ በምዕራቡ ቈላ የሚኖሩትን ልዩ ልዩ ሕዝቦች ከደጋው ሰው አፍ በሰማው አንድ የንቀት ስም ጠቅልሎ ጠራቸው። ያ ስም የየትኛውም ሕዝብ የራሱ ስም አልነበረም። ሆኖም በመጽሐፍ ስለ ገባ ከአንዱ ጸሐፊ ወደ ሌላው እየተላለፈ ብዙ ዘመን ኖረ።

ከብሩስ በኋላ ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ካዮ በ1822 ከመሐመድ ዓሊ ልጅ ከእስማኤል ጦር ጋራ ወደ ፋዞግሊና ወደ በርታ አገር መጣ። ጦሩ የመጣው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበርና ካዮ የጻፈውን ስናነብ ከማን ጋራ እንደ መጣ መርሳት አይገባንም። በወታደር ታጅቦ ለሚጠይቅ እንግዳ ሰው የሚመልስለት መልስ ለወዳጁ ከሚመልሰው ይለያልና። በ1870 ኤርንስት ማርኖ የተባለው ኦስትሪያዊ እስከ ፋዳሲ ድረስ ዘለቀ። በ1881 ደግሞ ሆላንዳዊው ኹዋን ማሪያ ሹቨር ከካርቱም ተነሥቶ ወደ ቤኒሻንጉል ተጓዘ፤ በ1883ም በደቡብ ሱዳን ተገደለ። የሹቨር ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ተሟልተው የታተሙት በ1996 ነው፤ ከሞተ ከ113 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ያን ያኽል ዘመን ቈይቶ የታተመ ማስታወሻ ሊጠቅም የሚችለው ጸሐፊው የትና መቼ እንደ ነበረ፣ ነገሩን ራሱ አይቶት ወይስ ከሌላ ሰምቶት እንደ ሆነ ከጽሑፉ መለየት ሲቻል ብቻ ነው።

በ1898 ራስ መኰንን ወደ ቤኒሻንጉል ዘመቱ፤ አገሩም በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ተጠቃለለ። በ1902 በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል የተደረገው የወሰን ውል የበርታንና የጉሙዝን ሕዝብ በሁለት አገር ከፈለ። ይህን ነገር ወደ ፊት ስለ ናሙና አመዘጋገብ ስንናገር እንመለስበታለን።

2. ፕራይመር ምን እንደ ሆነ

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው መዝገብ እንለፍ። ዲ.ኤን.ኤ. በእያንዳንዱ ሕያው ነገር ውስጥ የሚገኝ ረጅም ሰንሰለት ሲሆን የተጻፈውም በአራት ፊደላት ነው ማለት ይቻላል፤ ሊቃውንት ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ ይሏቸዋል። የሰው ልጅ ሙሉ ጽሑፍ ሦስት ቢሊዮን ያኽል ፊደላት አሉት። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሳንገር እነዚህ ፊደላት በተራቸው የሚነበቡበትን ዘዴ በ1977 አወጣ። በዚያው ዓመት የሥራ ባልደረባው ሮጀር ስቴደን የተነበቡትን ፊደላት በኮምፒዩተር ለማደራጀት የጻፋቸውን ፕሮግራሞች አስታወቀ። ከዚህ እንደምንረዳው ንባቡና የንባቡ አያያዝ ከመጀመሪያው አንሥቶ አብረው የተወለዱ ሥራዎች ናቸው።

በ1983 አሜሪካዊው ኬሪ ሙሊስ ፒ.ሲ.አር. የተባለውን የማባዣ ዘዴ አሰበ፤ ስለዚህም ሥራ በ1993 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በዚህ ዘዴ ከጥቂት ናሙና የሚፈለገውን ቍራጭ ብቻ ለይቶ በሚሊዮን እጥፍ ማባዛት ይቻላል። የሚፈለገውን ቍራጭ የሚያመለክቱት ፕራይመር የሚባሉ ሁለት አጫጭር ቍራጮች ናቸው። ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 25 ፊደል ይኖራቸዋል። አንደኛው በሚፈለገው ስፍራ ራስጌ፣ ሌላው በግርጌ ይጣበቃል፤ ማባዛቱም ከሁለቱ መካከል ያለውን ይይዛል። ፕራይመሩን የሚመርጠው ተመራማሪው ነው። ለምርጫውም የሚያግዙት ፕሮግራሞች አሉ፤ ለምሳሌ ያኽል ፕራይመር3 የተባለው ፕሮግራም የፕራይመሩን ርዝመት፣ በስንት ሙቀት እንደሚላቀቅ፣ የጂና የሲ ፊደላቱን መጠን፣ ከራሱም ጋራ እንዳይጣበቅ ይመረምራል።

አንባቢው አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንወዳለን። ፕራይመሩ የተሠራው በቤተ ሙከራ ነው እንጂ ከናሙናው ሰው አልመጣም። በማባዛቱም ጊዜ የእያንዳንዱ ቅጂ ጫፍ የሚሆነው ፕራይመሩ ራሱ ነው። ስለዚህ ሰውየው በዚያ ስፍራ የተለየ ፊደል ቢኖረው እንኳ በቅጂው ላይ የሚነበበው የፕራይመሩ ፊደል ይሆናል። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ተመራማሪ ከመተርጐሙ በፊት ጫፎቹን ቈርጦ ይጥላል። ይህን ለማድረግ ግን በየትኛው ናሙና ላይ የትኛው ፕራይመር እንደ ዋለ፣ ሙሉ ፊደሉም ምን እንደ ነበረ በመዝገብ መገኘት አለበት። መዝገቡ ከጠፋ መርማሪው የራሱን ጽሑፍ ከሰው ያገኘው እየመሰለው ይተረጕማል።

በታሪክ ሥራ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ብሩስ ከደጋ ይዞት የወረደው ስም ያልተቈረጠ ፕራይመር ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ስሙ ከጸሐፊው ወገን የመጣ ሲሆን አንባቢው ግን ከሕዝቡ የተገኘ መሰለው።

3. ባዶ የተተወው ስፍራ

የመዝገብ ሥርዓት ምን ያኽል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ሰው ከእናቱ ብቻ የሚወርሰው ሚቶኮንድሪያል የተባለ አጭር ዲ.ኤን.ኤ. አለ። ይህ በ1981 በካምብሪጅ ሙሉ በሙሉ ተነቦ 16,569 ፊደላት እንዳሉት ተገለጸ። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ ያሉ መርማሪዎች ሁሉ የሰዎችን ልዩነት የሚጽፉት በዚህ ቍጥር እየመሩ ነው። በ1999 ጽሑፉ እንደገና ሲነበብ ጥቂት ስሕተቶች ተገኙ፤ ከእነዚህም አንዱ በ3107ኛው ስፍራ አንድ ትርፍ ፊደል መግባቱ ነበር።

ትርፉ ፊደል ቢወጣ ከእርሱ ቀጥሎ ያሉት ከ13,000 የሚበልጡ ስፍራዎች ቍጥር ሁሉ በአንድ ይዛወራል፤ በ18 ዓመት የታተመው ጽሑፍም ሁሉ ይሳሳታል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ፊደሉን አንሥተው ስፍራውን ባዶ ተዉት፤ ባዶ መሆኑንም በምልክት ጻፉ። ስሕተቱን ሳይደብቁ አረሙ፤ የቀድሞውንም መዝገብ አላፈረሱም። የብራና መጻሕፍት አዋቂ የተፋቀውን ቃል ስፍራ እንደሚያመለክት ማለት ነው።

4. ጉሙዝ በፊደል መዝገብ

በ2012 ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቹ ከዐሥር የኢትዮጵያና ከሁለት የጎረቤት ሕዝቦች የተገኙ የ235 ሰዎችን ዲ.ኤን.ኤ. አነጻጽረው አሳተሙ። ከእነዚህ ሕዝቦች አንዱ ጉሙዝ ነበር። ከጽሑፉ ደራሲዎች መካከል ኢትዮጵያውያኑ አየለ ታረቀኝና እንዳሻው በቀለ ይገኛሉ። በ2015 ደግሞ የ100 ግብፃውያንና የ125 ኢትዮጵያውያን ሙሉ ጽሑፍ ተነበበ። ኢትዮጵያውያኑ ከአማራ፣ ከኦሮሞ፣ ከሶማሌ፣ ከወላይታና ከጉሙዝ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሰዎች ነበሩ። የጥናቱ ጥያቄ የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣው በግብፅ በኩል ነው ወይስ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በደቡብ ዐረቢያ በኩል የሚል ሲሆን ደራሲዎቹ የግብፁን መንገድ የሚደግፍ ማስረጃ እንዳገኙ ገለጡ።

በሁለቱም ጥናት የጉሙዝ ናሙና ልዩ ጥቅም ነበረው። በደጋው ሕዝቦች ዘንድ በብዛት የሚታየው ከምዕራብ እስያ የመጣ ቅልቅል በጉሙዝ ዘንድ እጅግ ጥቂት ነበርና። በብሩስ መጽሐፍ የራሱን ስም ያላገኘው ሕዝብ የዓለምን ታሪክ ለመጠየቅ በስሙ ተጠራ። ሆኖም ሃያ አምስት ሰው አንድ ሕዝብ አይደለም። ጉሙዝ ከመተከል እስከ ካማሺ፣ ከወሰኑም ማዶ በሱዳን ይኖራል። ስለዚህ «ጉሙዝ» የሚለው ቃል በሠንጠረዥ ሲጻፍ ከየትኛው ስፍራ የመጡ ሰዎች እንደ ሆኑ አብሮ ካልተጻፈ፣ የጥቂቶች ቃል የሁሉ ተደርጎ ይነበባል።

5. ከሞታ ዋሻ የተገኘው ትምህርት

የመዝገብ ጕድለት ምን ያኽል ሊያሳስት እንደሚችል በአገራችን ጉዳይ ከታዩት ሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የሞታ ዋሻ ነው። ዋሻው ከአሶሳ ርቆ በጋሞ ደጋ የሚገኝ ሲሆን በውስጡ ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው ዐፅም ተገኝቷል። ለዐፅሙም በጋሞኛ «በኵር» የሚል ትርጕም ያለው ባይራ የሚል ስም ወጣለት። ሙቀት ዲ.ኤን.ኤ.ን ስለሚያጠፋ በአፍሪካ ከጥንት ዐፅም ማንበብ አይቻልም የሚል ፍርሃት ነበር፤ የዋሻው ቅዝቃዜ ግን ጽሑፉን ጠብቆ አቈየው። በጥቅምት 2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመው ይህ ጽሑፍ ከጥንት አፍሪካዊ ሰው ሙሉ በሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው ነበር።

ደራሲዎቹ ባይራን ከዛሬዎቹ የአፍሪካ ሕዝቦች ጋራ ሲያነጻጽሩ እርሱ ከሞተ በኋላ ከምዕራብ እስያ ሕዝብ ወደ አፍሪካ ተመልሶ እንደ መጣ ደመደሙ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ነገር ግን የዚያ ሕዝብ ዘር በምሥራቅ አፍሪካ ብቻ ሳይወሰን በናይጄሪያ ዮሩባና በኮንጎ ደን በሚኖሩት ምቡቲ ዘንድ ሳይቀር ከመቶ ስድስትና ሰባት እጅ ያኽል ይገኛል ብለው ጨመሩ። ወሬውም በዓለም ጋዜጦች ተሰራጨ።

በ2016 መጀመሪያ ደራሲዎቹ ራሳቸው እርማት አወጡ። ስሕተቱ የተፈጠረው በሁለት ፕሮግራሞች መካከል ነበር። ሳምቱልስ የተባለው ፕሮግራም የባይራን ፊደላት ያወጣል፤ ፕሊንክ የተባለው ደግሞ ከሌሎች ሕዝቦች ፊደላት ጋራ ያዋሕዳል። የመጀመሪያው የሚጽፍበትን መልክ ሁለተኛው እንዲያነበው የሚያደርግ አንድ አጭር የመለወጫ ትእዛዝ ነበር፤ ያ ትእዛዝ ሳይሠራ ታለፈ። በዚህ ምክንያት የባይራ ፊደል ከመመሪያው ጽሑፍ ጋራ ፍጹም አንድ የሆነባቸው ስፍራዎች «አይታወቅም» እንደ ተባሉ ተቈጥረው ወጡ። የቀሩት የሚለያዩባቸው ስፍራዎች ብቻ ስለ ሆኑ ባይራ ከዛሬው ሰው ሁሉ ከእውነተኛው መጠን ይልቅ የራቀ መሰለ፤ ከእርሱ ጋራ የተመዘኑት የዛሬ አፍሪካውያንም ወደ እስያ የቀረቡ መሰሉ። ስሌቱ ሲታረም የዮሩባና የምቡቲ ነገር ወደቀ፤ የምሥራቅ አፍሪካው ግን ጸና።

ይህን የምንተርከው ደራሲዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። እንዲያውም ሊመሰገኑ ይገባል፤ ስሕተቱ የተገኘው መረጃቸውን ለሌሎች መርማሪዎች ክፍት በማድረጋቸው ነውና። በሐርቫርድ የነበሩ ሌሎች ሊቃውንት ያንኑ ፊደል ወስደው ሥራውን ቢደግሙት ውጤቱ አልመጣላቸውም። እያንዳንዱ እርምጃ ባይጻፍ ኖሮ ስሕተቱ እንደ ብሩስ ስም ለብዙ ዘመን ሊኖር ይችል ነበር።

ለታሪክ ተማሪ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር የስሕተቱ ዓይነት ነው። «አንድ ነው» የሚለው መልስ «መልስ የለም» ተብሎ ተነበበ። እኛም ሰነድ ስናገላብጥ ዝምታን እንደ እምቢታ ወይም እንደ ባዶነት የምንቈጥርበት ጊዜ ስንት ነው? ስለ በርታና ስለ ጉሙዝ በነገሥታት ዜና መዋዕል ብዙ አለመጻፉን አይተን ታሪክ የላቸውም ብንል ያንኑ ስሕተት ደገምን ማለት ነው።

6. ነገሩ በአሶሳ ምን እንደሚመስል

በ2021 ከ68 ብሔረሰቦች የተውጣጡ የ1,214 ኢትዮጵያውያን ዲ.ኤን.ኤ. ከትውልድ ስፍራቸው፣ ከቋንቋቸውና ከባህላቸው ጋራ ተያይዞ ታተመ። መዝገቡ እየሰፋ ስለ ሄደ በ2011 የተቋቋመው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሆኑ እኛ ሥራውን የምናገኘው በሩቅ አገር ብቻ አይደለም። ስለዚህ በዚህ አገር ናሙና የሚመዘግብ ሰው የሚገጥሙትን ሦስት ነገሮች እናመለክታለን።

የመጀመሪያው የስም አጻጻፍ ነው። አሶሳ በላቲን ፊደል አንዳንዴ በአንድ፣ አንዳንዴ በሁለት «ኤስ» ትጻፋለች። በርታም «ኤች» ተጨምሮበትና ሳይጨመርበት ይጻፋል፤ በቀድሞ መጻሕፍት ደግሞ በዐረብኛ «የተራራ ሰው» ማለት በሆነው ጀበላዊ በሚለው ስም ይገኛል። ሰው ይህን አይቶ አንድ መሆኑን ያውቃል፤ ኮምፒዩተር ግን ሁለት ከተማና ሦስት ሕዝብ አድርጎ ይቈጥረዋል። ሠንጠረዥ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ከዚህም የባሰ ያደርጋሉ። «ሴፕት» የሚባሉ የዘር ስሞችን የሴፕቴምበር ቀን እያደረጉ ስለ ለወጡ በ2020 ስሞቹ ራሳቸው እንዲለወጡ ግድ ሆኗል።

ሁለተኛው የቦታ ነገር ነው። በ1902 ውል የተነሣ አንድ የጉሙዝ ቤተ ሰብ በሁለት አገር ሊገኝ ይችላል። ከዚህም በቀር በ1980ዎቹ በፓዌና በአሶሳ አካባቢ በተደረገው ሠፈራ ከሌላ ክፍለ ሀገር ብዙ ሕዝብ መጥቷል። ስለዚህ «ከአሶሳ የተወሰደ» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም። የሰጪው የትውልድ ስፍራና ቋንቋ፣ የወላጆቹና የአያቶቹም ጭምር መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው የሰውየው ክብር ነው። በብልቃጡ ላይ የሚጻፈው ቍጥር እንጂ ስም መሆን አይገባውም፤ ቍጥሩን ከስሙ ጋራ የሚያገናኘው መዝገብ ተለይቶ ይጠበቃል። ሕዝቡም የሚጠራው ራሱን በሚጠራበት ስም ነው። ጦርና ነጋዴ ለባሪያ ሲፈልገው በኖረ አገር ከሰው አካል ናሙና የሚወስድ እንግዳ ለምን እንደሚወስድ፣ የት እንደሚያኖረው፣ ምንስ እንደሚጻፍበት አስቀድሞ ማስረዳት ይገባዋል።

7. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነው ሁሉ በአንድ ቃል ሊጠቃለል ይችላል። ፕራይመሩ የመርማሪው ነው፤ የመመሪያው ጽሑፍም፣ የፕሮግራሙ ትእዛዝም፣ ለሕዝቡ የሚሰጠው ስም አጻጻፍም እንደዚሁ የመርማሪው ነው። ከናሙናው የሚመጣው የቀረው ብቻ ነው። ሁለቱ ተለይተው ከተጻፉ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው ስሕተታችንን አግኝቶ ያርመዋል፤ ከተደባለቁ ግን እኛ የጻፍነውን የጉሙዝ ወይም የበርታ ቃል ነው ብሎ ይቀበለዋል። ብሩስ ይዞት የሄደውን ስም ከመጻሕፍት ለማውጣት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ የሞታው ስሕተት ግን በጥቂት ወራት ታረመ። ልዩነቱ የሁለተኛው ሥራ በየእርምጃው ተጽፎ ለሌላ ሰው ዓይን የተሰጠ መሆኑ ነው። ስለ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለመጻፍ የሚነሡ ጓደኞቻችን በማስታወሻ ደብተርም ሆነ በኮምፒዩተር ሲመዘግቡ ይህን ልዩነት እንዲያስቡት አደራ እንላለን።